ምሥጢር ፈላጊው አንባቢ

የኢሉባቦርን ዝናብ ያላየ ሰው ክረምት ማለት ሦስት ወር ይመስለዋል። በመቱና በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ፣ በአልጌና በሱጴ ግን ሰማዩ ከመጋቢት ጀምሮ ያጉረመርማል፤ ጥቅምት እስኪጠባም ድረስ ከምድሪቱ ላይ እጁን አያነሣም። ጫካው ጭጋግ ይተነፍሳል። የሶር ወንዝ ድፍርስ ውኃውን ተሸክሞ ከገደሉ ሲወረወር ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። በዚያን ዘመን ጭቃው የጭነት መኪናውን ይዞ ያስቀረዋልና ጋዜጣውም፣ ደብዳቤውም፣ ጨውና ሳሙናውም አብረው መንገድ ላይ ያድሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ የሚጠጣው ቡና ከጓሮ እየተለቀመ የሚነበበው መጽሐፍ ግን ከየትም በማይገኝበት በዚህ ወቅት፣ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ እጅ ገባ ማለት እንግዳ ቤት ገባ እንደ ማለት ነው። አንድ የመቱ ወጣት መምህር በሐምሌ 1976 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማን ‹‹ኦሮማይ›› ያገኘው እንዲህ ባለ ጊዜ ነበር።

መምህሩ የምሥጢር ታሪክ ወዳጅ ነው። ይህን ፍቅር የተከለው አንድ አሮጌ የመጻሕፍት ሣጥን ነበር። የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን አገሩን ለቅቀው ሲሄዱ ትተዋቸው ከሄዱት መጻሕፍት መካከል የኮናን ዶይል፣ የአጋታ ክሪስቲና የጄምስ ሃድሊ ቼዝ ሥራዎች ይገኙ ነበርና፣ ተማሪ ሳለ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አስቀምጦ እያንዳንዱን እንደ ሒሳብ ጥያቄ ሠርቷቸዋል። በአማርኛም ቢሆን ማሞ ውድነህ የተረጐሟቸውን የስለላ መጻሕፍት አንዱንም አላስቀረ። ሸርሎክ ሆልምስ ከአንድ ሰው ጫማ ላይ ባለ ጭቃ የመጣበትን ሰፈር መለየቱን ባነበበ ጊዜ ግን መሳቁን አይረሳም። በመቱ ቢሆን ኖሮ የሚጠረጠረው ጫማው ላይ ጭቃ የሌለበት ሰው ነበር።

ከዚህ ፍቅሩ በላይ ወደ መጽሐፉ የሳበው ሌላ ምክንያት ደግሞ ነበረ። ደራሲው የአገሩ ልጅ ነው። በዓሉ ግርማ በሱጴ ተወልዶ፣ በአዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ከዩኒቨርሲቲ በኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነትን አጥንቶ የተመለሰ፣ በ‹‹መነን››፣ በ‹‹አዲስ ሪፖርተር››ና በ‹‹አዲስ ዘመን›› ብዕሩን ያሾለ ሰው ነበር። ከ‹‹ከአድማስ ባሻገር›› ጀምሮ የጻፋቸው ሁሉ በኢሉባቦር ከተሞች ከእጅ እጅ ሲዞሩ ቆይተዋል። በተለይም ‹‹የኅሊና ደወል››ና ኋላ እንደገና ሠርቶት በ1975 ዓ.ም. ያወጣው ‹‹ሐዲስ›› ለአካባቢው መምህራን እንደ ግል ደብዳቤ ነበሩ። የታሪኩ ባለቤት ሐዲስ ሳህሌ መምህር ነው፤ የሚረግጠውም ምድር የኢሉባቦር ምድር ነው። አንድ የመቱ መምህር ራሱን በመጽሐፍ ውስጥ ሲያገኝ የሚሰማውን ኩራት ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ያዳግታል። እንግዲህ ይኸው ደራሲ ስለ ስለላና ስለ ስውር ሤራ ጻፈ መባሉን ሲሰማ፣ ሁለቱ ፍቅሮቹ በአንድ ጥራዝ ተጠርዘው የመጡለት መሰለው።

መጽሐፉን ያዋሱት በጡረታ ላይ የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን በፖስታ ሥራ ያሳለፉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ልባሱ በአሮጌ ጋዜጣ ተሸፍኖ ስለ ነበር ከውጭ ሲያዩት የሒሳብ መማሪያ ይመስላል። ‹‹ኦሮማይ›› በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ገበያ ላይ ብዙም ሳይቆይ መሰብሰቡን፣ ያመለጡት ቅጂዎች በስውር እንደሚዘዋወሩ መምህሩም ጭምጭምታውን ሰምቷል።

‹‹ሦስት ሌሊት ነው ያለህ፣ መምህር›› አሉት አዛውንቱ። ‹‹ከዚያ በኋላ ሌላ ወረፋ አለ። ለማንም አታሳይ፤ ምሳሌ እንኳ አትጥቀስበት።››

‹‹እሺ አባባ፣ ቃሌ ነው›› ብሎ ከካፖርቱ ሥር ሸጉጦት ሄደ።

የመጀመሪያው ሌሊት የደስታ ሌሊት ነበር። በ1974 ዓ.ም. የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ መነሻ አድርጎ፣ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማን ኅልተወርቅን አዲስ አበባ ትቶ ወደ አስመራ ሲበር፣ መምህሩም አብሮ በረረ። አስመራን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። መጽሐፉ ግን ጎዳናዋን፣ ቡና ቤቶቿን፣ የሴቶቿን አለባበስና የቋንቋቸውን ለዛ ሳይቀር ሰጠው። የባለ ሥልጣኖቹ መልክና ጠባይ፣ በስብሰባ ላይ የሚያሰሙት ዲስኩር፣ ከዲስኩሩ በስተጀርባ ያለው ሽኩቻ ሁሉ እንደ ፎቶግራፍ ታየው። ያማሩትን ዐረፍተ ነገሮች በደብተር ይገለብጥ ጀመር፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ግን አላቂ አይደሉምና ተወው። በዓሉ ቃል አይቆጥብም። ፊያሜታ ጊላይ ወደ ታሪኩ ስትገባ ደግሞ ጋዜጠኛው ብቻ ሳይሆን አንባቢውም ተማረከ።

ይሁን እንጂ መምህሩ በሆልምስ እጅ ያደገ አንባቢ ነውና ልቡን ሁሉ ለውበቱ አልለቀቀም። በዚያው ደብተር ጀርባ አንድ ሰንጠረዥ አሰመረ። በአንደኛው ዓምድ የሰው ስም፣ በሁለተኛው የታየበት ቦታና ሰዓት፣ በሦስተኛው የተናገረው ቃል፣ በአራተኛው ደግሞ ‹‹ጥርጣሬ›› የሚል ርእስ ጻፈ። ስላይ ባራኺን አስገባ። የጸጥታውን ሰው ኮሎኔል ብትሩ ተሰማን አስገባ። ፊያሜታን እንኳ ሳይራራ አስገባት። በሁለተኛው ሌሊት ሰንጠረዡ ሁለት ገጽ ሞልቶ ነበር፤ መምህሩም ምሥጢሩን ከደራሲው ቀድሞ ሊፈታው የቀረው ጥቂት መስሎት ከልጅነቱ ወዲህ ያልተሰማው ዓይነት ሙቀት ተሰማው።

በሦስተኛው ሌሊት ታሪኩ ከአስመራ ወጣ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ናቅፋ ተራሮች፣ 1702 ወደሚባለው ከፍታ አቀና። ከዚያ በኋላ ያለው ስለላ አይደለም፤ ጦርነት ነው። ወጣቶች በድንጋይ ላይ ይወድቃሉ። የመምህሩ ሰንጠረዥ ከዚህ በኋላ አንድም መስመር አልተጨመረበትም። ክትትሉ፣ ጥርጣሬው፣ ለብዙ ምዕራፍ ሲገመድ የቆየው ስውር ክር ሁሉ በመድፍ ድምፅ ተዋጠ። መልስ ለማግኘት ያቆበቆበው አንባቢ መልስ ቢያገኝም እንኳ በሚፈልገው መንገድ አላገኘም። መርማሪ ሰዎቹን ሁሉ በአንድ ክፍል ሰብስቦ፣ ቧንቧውን አንኳኩቶ፣ ‹‹ነገሩ እንዲህ ነበር›› የሚልበት ምዕራፍ የለም። የመጽሐፉ ባለቤት ጋዜጠኛ እንጂ መርማሪ አይደለምና ሊኖርም አይችልም ነበር። (መጨረሻው እንዴት እንደ ሆነ እዚህ አይገለጥም፤ ገና ያላነበበው ብዙ ነውና።) ሊነጋጋ ሲል የመጨረሻውን ገጽ ገለበጠ፤ ከጀርባው ሌላ ገጽ እንዳለ ሁሉ ደግሞ ገለበጠ። ከዚያም መጽሐፉን ዘግቶ ተቆጣ።

ቁጣው ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት የምርመራ ልብ ወለድን ጠባይ ጥቂት ማየት ያስፈልጋል። ይህ ዓይነቱ ድርሰት በደራሲና በአንባቢ መካከል የሚደረግ ውል ነው። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 እ.ኤ.አ. ዐሥር ሕጎች አውጥቶለት ነበር፤ ከመካከላቸው ዋነኛው መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ ለአንባቢው ሳይደብቅ ማሳየት አለበት የሚለው ነው። አንባቢው ጊዜውንና ትዕግሥቱን ያበድራል፤ ደራሲው በመጨረሻው ምዕራፍ ይከፍላል። ውሉ ይህ በመሆኑ የዚህ ዓይነት ደራስያን አብዛኛውን ጊዜ ቃል ቆጣቢዎች ናቸው። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ወለሉ ላይ የወደቀችው የሲጋራ አመድ ትታያለች። በበዓሉ አስመራ ግን ሁሉም ነገር ያበራል። መስኮቱም፣ ጽዋውም፣ የሴቲቱ ጫማም፣ የመንገዱ ዘንባባም በእኩል ፍቅር ተሥለዋል። በድሀ ቤት የወርቅ ቀለበት ቢወድቅ ሕፃን ልጅም ያየዋል፤ በወርቅ አንጥረኛ ቤት ቢወድቅ ግን ማን ልብ ይለዋል? ፍንጩ ጌጥ ይመስላል፤ ጌጡም ፍንጭ ይመስላል። መምህሩ በሰንጠረዡ ከመዘገባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ደራሲው ስለ ወደዳቸው ብቻ የጻፋቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ ወጣቱ አንባቢ ግማሽ ያህል ትክክል እንደ ነበር መመስከር ተገቢ ነው። የ‹‹ኦሮማይ›› የስለላ ክር ከሌሎቹ ክሮች ይልቅ የሳሳ ነው። ፍቅሩ ሲመጣ ይረግባል፤ ስብሰባው ሲጀመር ይረሳል፤ ውጊያው ሲነሣ ይበጠሳል። ለዚህ ድክመት የደራሲው ዝና ብቻውን ማስተባበያ ሊሆን አይችልም፤ ኋላ የደረሰበትም ነገር ቢሆን የመጽሐፉን ሚዛን አይለውጠውም። ሰው ስለ ተበደለ ሥራው ሁሉ እንከን የለሽ ነው ማለት በሥራው ላይ ሌላ በደል መጨመር ነውና። ሆኖም መምህሩ ያን ጊዜ ያልታየው ነገር ነበረ። በመጽሐፉ ውስጥ ትልቁ ምሥጢር ሰላዩ ማን ነው የሚለው አልነበረም። በናቅፋ ዘመቻው እንዳልተሳካ፣ ስንት ሰው እንዳለቀ፣ ይህንንም ማን ያውቅ እንደ ነበር የሚናገር በሌለበት ጊዜ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር በቋሚ ተጠሪነት ይሠራ የነበረው፣ ዘመቻውንም አስመራ ሄዶ በዓይኑ ያየው ሰው አፍ አውጥቶ ተናገረ። የምርመራው የመጨረሻ ምዕራፍ እርሱ ነበር፤ ነገር ግን መምህሩ ሌላ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ስለ ነበር አላየውም።

ቁጣውን ይዞ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያ ዘመን ለደራሲ ደብዳቤ መጻፍ የተለመደ ነገር ነው፤ መልስ የሚሰጡም ነበሩ። ‹‹ለተከበሩ አቶ በዓሉ ግርማ›› ብሎ ጀምሮ፣ የአገራቸው ልጅና አድናቂያቸው መሆኑን ገልጦ፣ የአስመራን ሥዕል በአንድ አንቀጽ አመሰገነና ወደ ክሱ ገባ። ሦስት ጥያቄዎች ነበሩት። አንደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ያቀበሉንን የምሥጢር ክር ኋላ ለምን ለቀቁት? ሁለተኛ፣ የጻፉልን የስለላ ታሪክ ነው ወይስ የጦርነት ታሪክ? ሁለቱም ከሆነ አንባቢ በየትኛው ዓይኑ ያንብብ? ሦስተኛው ግን ከወጣትነት ድፍረት የመጣ ነበር። ‹‹ኦሮማይ›› ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰዎች አፍ የገባ ቃል ሲሆን አበቃ፣ ከእንግዲህ ወዲህ አከተመ እንደ ማለት ነው። ‹‹የመጽሐፉ ስም አበቃ የሚል ሆኖ ነገሩ ግን አላበቃም›› ሲል ጻፈ። ‹‹እንግዲያውስ ያበቃው ምንድን ነው? ቢያስረዱን።››

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል መጽሐፉንና ፖስታውን ይዞ ወደ አዛውንቱ ቤት ሄደ። ቴምብር አልነበረውምና ከቀድሞ የፖስታ ሠራተኛ ቤት አይጠፋም ብሎ ነው። አዛውንቱ መጽሐፉን ተቀብለው በሙዳየ ልብሳቸው ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ ፖስታውን አገላብጠው አዩት።

‹‹አድራሻው ይኸ ነው?››

‹‹አዎን፣ አባባ። በሚኒስቴሩ በኩል ይደርሳቸዋል ብዬ ነው።››

‹‹ከሚኒስቴሩ ካስወጡት ቆየ።››

‹‹እንግዲያው በቤታቸው አድራሻ ልጻፈዋ።››

አዛውንቱ በሩ መዘጋቱን አዩ። ‹‹ቤቱም የለም›› አሉ። ‹‹ከየካቲት ወዲህ የለም። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ነው የነገረኝ። ወጥቶ አልተመለሰም።››

‹‹የት ሄደው?››

‹‹ልጄ፣ እሱን የሚያውቅ ቢኖር ኖሮ አንተ ደብዳቤ ከመጻፍህ በፊት ባለቤቱና ልጆቹ ባወቁት ነበር።››

መምህሩ ቆሞ ቀረ። አዛውንቱ ሙዳዩን እንደ ገና ከፈቱና መጽሐፉን አወጡ። ደብዳቤውን ታሪኩ ከአስመራ በሚወጣበት ቦታ፣ መምህሩ ሰንጠረዡን በተወበት ገጽ ላይ አስገብተው መጽሐፉን መለሱለት። ‹‹ወረፋው ይቅር›› አሉ። ‹‹ደብዳቤ ያለበትን መጽሐፍ ለሌላ አልሰጥም። አንተ ዘንድ ይሁን።››

በዓሉ ግርማ በ‹‹ኦሮማይ›› ምክንያት ከሥራው ከተሰናበተ በኋላ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው በቃሊቲ በኩል ባለው መንገድ ቆማ ተገኘች። ከዚህ በላይ በእርግጠኝነት የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው።

የቆመችው መኪና ነገር የምርመራ ልብ ወለድን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ሌላ መኪና ታስታውሰዋለች። በታኅሣሥ 1926 እ.ኤ.አ. የምሥጢር ድርሰት ንግሥት የምትባለው አጋታ ክሪስቲ ከቤቷ ወጥታ ጠፋች፤ መኪናዋም በእንግሊዝ አገር በሰሪ አውራጃ ከአንድ ኮረብታ ጥግ ባዶዋን ተገኘች። አገሩ በሙሉ ተነሣ። ፖሊሱ፣ በጎ ፈቃደኛው ሕዝብ በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ጫካውን አሰሰ፤ አውሮፕላን ከሰማይ ፈለጋት፤ ጋዜጦች በየማለዳው ጻፉ። የሸርሎክ ሆልምስ አባት ኮናን ዶይል ጓንቷን ወስዶ ለአንድ መናፍስት ጠሪ እስከ መስጠት ደረሰ። ያን ሁሉ የአመክንዮ መርማሪ የፈጠረ ሰው በጭንቅ ሰዓት ወደ ጠንቋይ መሄዱ ለመቱው መምህር ሁልጊዜም የሚያስቀው ነገር ነበር፤ ኋላ ግን ሳቁን ተወ። ክሪስቲ በዐሥራ አንደኛው ቀን በሃሮጌት ከተማ በአንድ ሆቴል በሌላ ስም ተመዝግባ ተገኘች። ለምን እንደ ጠፋች አንድም ቀን በግልጽ ሳትናገር ሞተች፤ ቢሆንም በሕይወት ተመለሰች፣ ከዚያ በኋላም ዐምሳ ዓመት ያህል ጻፈች። የቃሊቲው መኪና ባለቤት ግን ፈላጊው ቤተሰቡ ብቻ ነበር። ጫካ አልታሰሰለትም፣ የማለዳ ጋዜጣም አልጮኸለትም። ጋዜጣውን ያዘጋጁ የነበሩት አንዳንዶቹ እርሱ ያሠለጠናቸው ልጆች ነበሩ።

የሚቀጥለው ዓመት በኢሉባቦር የሥራ ዓመት ነበር። ድርቅ ከጎዳቸው አካባቢዎች የተነሡ ሰፋሪዎች በጭነት መኪና እየተጫኑ ይገቡ ጀመር። መምህሩም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከክፍል ሥራው ሌላ ብዙ ሥራ ነበረበትና መጽሐፉ በሣጥኑ ግርጌ ተቀመጠ። አዛውንቱ የመንግሥቱን ለውጥ ሳያዩ ዐረፉ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አፍ ተከፈተ። ‹‹ኦሮማይ››ም በግልጽ ይሸጥ ጀመር፤ ስለ ደራሲው መጥፋትም በጋዜጣ፣ በመጽሔት፣ በሬዲዮ ብዙ ተባለ። መምህሩ ከሣጥኑ ያንን አሮጌ ደብተር አወጣ። ከፊያሜታ ስም ቀጥሎ ባዶ የቀሩትን መስመሮች አየና እንደ ድሮው ዓምዶቹን አሰመረ፤ ስም፣ ቦታና ሰዓት፣ የተናገረው ቃል፣ ጥርጣሬ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መጽሔት በደረሰው ቁጥር እያነበበ ይመዘግብ ነበር። ሥራው ዓመታት ፈጀ። ሰንጠረዡ አሁን ስምንት ገጽ ሞላ።

እንደ ገናም ተሰናከለ፤ የተሰናከለውም በዚያው በቀድሞው እንቅፋት ነው። ተራኪዎቹ ሁሉ ጥሩ ተራኪዎች ነበሩ። እያንዳንዱ የደራሲውን የመጨረሻ ቀን ሲተርክ ልብሱን፣ ፊቱን፣ የተናገረውን ቃል፣ የሰማዩን ሁኔታ ያክላል። ሰዓቱ፣ ሰዎቹ፣ ቦታው ከትረካ ትረካ ይለያያሉ፤ ጌጡ ግን በሁሉም ያማረ ነው። መምህሩ ከስንት ዓመት በፊት በአስመራ ጎዳና እንዳደረገው ሁሉ አሁንም የትኛው ፍንጭ የትኛው ጌጥ እንደ ሆነ መለየት አቃተው። በዚህኛው ታሪክ ግን የሚቆጣው ደራሲ የለም። አንባቢን ለማታለል ብሎ ክሩን የለቀቀ ሰው ቢኖር እንኳ ስሙ በመጽሐፉ ልባስ ላይ አልተጻፈም። የበዓሉ መቃብር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ዲከንስ በ1870 እ.ኤ.አ. ሲሞት የጀመረውን የምሥጢር ልብ ወለድ ሳይጨርስ ስለ ሄደ፣ እንግሊዞች ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መጨረሻውን በግምት ሲጽፉለት ኖረዋል። መምህሩ ይህን ሲያነብ ዲከንስን ሳይሆን እንግሊዞችን ቀናባቸው፤ እነርሱ የጎደላቸው አንድ ምዕራፍ ነው፤ የቀባሪዎቹ ስምና የቀብሩ ቀን ተጽፎ ተቀምጧል።

ጡረታ ከወጣ በኋላ መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ገና አነበበው፤ በዚህ ጊዜ ደብተር አልያዘም። ከሦስቱ ጥያቄዎች አንደኛው ብዙ እንዳልነበረ ታወቀው። በሦስት ሌሊት ወረፋ እየተሯሯጠ ያለፋቸው ገጾች ነበሩና የተለቀቀ ከመሰለው ክር ጥቂቱ ሳይለቀቅ ኖሯል። በሁለተኛው ጥያቄ ግን እንደ ጸና ነው። ያንን መጽሐፍ በምሥጢር ታሪክነቱ ዛሬም አያመሰግነውም። በ2017 ዓ.ም. መስፍን ፈለቀ ይርጉና ዴቪድ ደጉስታ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውት ሲወጣ፣ በባሕር ማዶ እንደ ልብ ሰቀላ የፖለቲካ ታሪክ ተደርጎ መቅረቡን አንድ የቀድሞ ተማሪው በስልክ ቢያበሥረው፣ ‹‹እነሱም እንግዲህ ሰንጠረዥ ያሰምራሉ በለኛ!›› ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ደስታው ግን ሳቁን አልሸፈነውም። በሱጴ የተወለደ ሰው በሎንዶንና በኒው ዮርክ ሰው እየተነበበ ነው። ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ለተማሪው አልነገረውም።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ ጭቃው እንደ ልማዱ ደጁን በዘጋበት ሰሞን፣ በመቱ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር አንዲት የጎረቤት ልጅ መጽሐፉን ተዋሰችው። ልባሱ አሁንም በዚያው በቢጫ ጋዜጣ እንደ ተሸፈነ ነው።

‹‹ስንት ቀን ልያዘው፣ ጋሼ?››

‹‹እንደ ፈለግሽ፣ ልጄ። በመካከሉ አንድ ፖስታ አለ፤ ማንበብ ትችያለሽ። ስትጨርሺ ብቻ ከነበረበት ገጽ አስቀምጪልኝ።››

በሳምንቱ ይዛው መጣች። ቡና ተፈልቶ ነበርና ተቀምጠው ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ዋጋ ተጨዋወቱ፤ ስለ መጽሐፉ ብዙም አላወሩ። ልጅቷ ከሄደች በኋላ መምህሩ መነጽሩን አድርጎ ገለጠው። ታሪኩ ከአስመራ በሚወጣበት ገጽ ላይ ፖስታው አልነበረም። አንድ በአንድ እየገለጠ ሄደ። ያገኘው ከመጨረሻው ገጽ በኋላ፣ ከልባሱ ጋር በሚገናኘው ባዶ ቅጠል ላይ ነው። ወደ ቀድሞ ቦታው ሊመልሰው አነሣው፤ ጥቂት ይዞት ቆየና እዚያው አስቀምጦ መጽሐፉን ከደነው።